የቶሮ ሦስት ወንበሮች

ጎጆዋ 10 ጫማ በ15 ጫማ ነበረች። ሰውየው ራሱ በጥንቃቄ መዝግቦ እንዳቆየው ለመሥሪያዋ የወጣው ገንዘብ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነው። በውስጧ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የመጻፊያ ጠረጴዛና ሦስት ወንበሮች ነበሩ። ስለ ወንበሮቹም ባለቤታቸው ምክንያት ሰጥቷል፤ አንዱ ለብቸኝነት፣ ሁለቱ ለወዳጅነት፣ ሦስቱ ደግሞ ለማኅበራዊ ኑሮ መሆናቸውን ጽፏል።

ይህ ሰው አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኮንኮርድ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በዋልደን ኩሬ ዳር በሠራት በዚህች ጎጆ ከጁላይ 4 ቀን 1845 እስከ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1847 ኖረባት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ ኑሮ የተወለደው «ዋልደን» የተሰኘው መጽሐፍ በ1854 ታተመ። የመጀመሪያዋ ጎጆ ከፈረሰች እጅግ ብዙ ዘመን አልፏል። በሲኒማ ሸራና በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ግን ዛሬም አልጠፋችም። አንዳንዴ በስሟ ትጠራለች፤ አንዳንዴም ስሟ ሳይነሳ ጥላዋ ብቻ ያልፋል።

ታዲያ የፊልም ሰዎች ከሦስቱ ወንበሮች የትኛውን ወሰዱ? የትኛውንስ እዚያው ጎጆ ውስጥ ትተውት ወጡ? ጥያቄው ስለ ዕቃ አይደለም። «ራስህን ሁን» የሚለው ምክር በየፊልሙ ለወጣቱ ሲደገምለት፣ ከምን ተቆርጦ እንደመጣ ማወቁ ለተመልካቹ ይጠቅመዋል።

የኮንኮርድ ሰዎች

የነገሩ መነሻ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ነው። በ1803 ቦስተን ውስጥ ተወለደ፤ እዚያው ከተማ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነ፤ በ1832 ግን የቁርባንን ሥርዓት በተለመደው መልኩ ለመፈጸም ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም ብሎ ሥራውን ለቀቀ። በ1836 «ተፈጥሮ» የተሰኘች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት እንደርሱ ያሉ ምሁራን እየተሰበሰቡ የሚወያዩበት ክበብ ተመሠረተ። ትራንሰንደንታሊዝም የሚባለው ፍልስፍና ዝናው የወጣው ከዚህ ክበብ ነው። ስሙ ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከካንት የመጣ ቢሆንም ሐሳቡ የኮንኮርድን መልክ ይዞ ነው ያደገው።

ባጭሩ ሲነገር ይህን ይመስላል። ከምናየውና ከምንዳስሰው ነገር ባሻገር የሆነ እውነት አለ፤ ሰው ወደዚያ እውነት ለመድረስ አማላጅም ሊቅም አያሻውም፤ የውስጡን ድምፅ ቢያዳምጥና ተፈጥሮን በተከፈተ ዓይን ቢመለከት ይበቃዋል። ኤመርሰን አጥብቆ የተዋጋው ጠላት በአማርኛ ጥሩ ስም አለው፤ ይሉኝታ ይባላል። ሰው «ምን ይሉኝ ይሆን?» እያለ የሌላ ሰው ኑሮ ይኖራል የሚለው ሐዘን በጽሑፎቹ ሁሉ ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኤመርሰን በ1841 ባሳተመው የመጣጥፎች ስብስብ ውስጥ ሁለት ዝነኛ ጽሑፎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንዱ ሰው በራሱ እንዲተማመን ያስተምራል። ሌላው ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ነፍስ የአንዲት ታላቅ ነፍስ ክፋይ ናት ይላል። ለኤመርሰን ሁለቱ አይጣሉም፤ ሰው ወደ ራሱ ጠልቆ ሲገባ የሚያገኘው ሌሎችንም ጭምር ነውና። ሲኒማው ግን እነዚህን ሁለት መጣጥፎች ነጣጠላቸው።

ለአገራችን አንባቢ ጫካ ገብቶ ብቻውን የሚኖር ሰው ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ባሕታዊ ነው። ቶሮ ግን ባሕታዊ አልነበረም። ጎጆዋ የቆመችው በወዳጁ በኤመርሰን መሬት ላይ ሲሆን ከከተማዋ የምትርቀው አንድ ማይል ተኩል ያህል ብቻ ነበር። የባቡር ሐዲድ በኩሬው ዳር ያልፋል። እንግዳ ይመጣል፤ እርሱም ወደ ቤተሰቡ እየሄደ ይበላል፣ ይጫወታል።

የችግር ዘመን ፊልሞች

በ1930ዎቹ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ተመታ። ባንኮች ተዘጉ፣ ገበሬው ከመሬቱ ተፈናቀለ። በዚህ ወቅት፣ በ1936፣ ፍራንክ ካፕራ «ሚስተር ዲድስ ወደ ከተማ ሄደ» የተሰኘውን ፊልም አወጣ። ጋሪ ኩፐር የሚጫወተው ሎንግፌሎ ዲድስ የቬርሞንት ትንሽ ከተማ ሰው ነው። ሳያስበው 20 ሚሊዮን ዶላር ወርሶ ኒው ዮርክ ይገባል። ከተሜው በየዋህነቱ ይስቅበታል። ዲድስ ግን የቶሮን ስም ጠርቶ፣ እዚህ አገር ታላላቅ ቤተ መንግሥት ተሠርቷል፤ በውስጡ የሚኖር ታላቅ ሰው ግን አልተሠራም የሚል ትርጉም ያለው ነገር ይናገራል።

ዲድስ ይህን ካለ በኋላ ወደ ጫካ አልሸሸም። መሬቱን ያጣ ገበሬ ሽጉጥ ይዞ ቤቱ ሲገባበትና ብሶቱን ሲያወርድበት ሀብቱን ለገበሬዎች መሬት መግዣ ሊያከፋፍል ወሰነ። ዘመዶቹና ጠበቆቻቸው አብዷል ብለው ፍርድ ቤት አቆሙት። ገንዘቡን ለራሱ ቢያባክነው ኖሮ ጤነኛ ይባል ነበር፤ ለተራበ ሲሰጥ እብድ ሆነ። የቶሮ ቃል እዚህ የድሃ ጠበቃ ሆኖ ነው የቀረበው።

ከአራት ዓመት በኋላ ጆን ፎርድ የጆን ስታይንቤክን ልቦለድ «የቁጣ ወይን»ን ወደ ፊልም መለሰው። በታሪኩ ውስጥ ኬሲ የሚባል፣ እንደ ኤመርሰን ሁሉ ስብከቱን የተወ ሰው አለ። ኬሲ ተገደለ። በሄንሪ ፎንዳ የተተወነው ቶም ጆድ እናቱን በጨለማ ሲሰናበታት የኬሲን ሐሳብ ያስታውሳል፤ ምናልባት ሰው ለብቻው የሆነ ነፍስ የለውም፤ ያለው ከአንዲት ትልቅ ነፍስ ቁራሽ ነው ይላታል። ስለዚህም የተራበ ባለበት ሁሉ፣ የሚደበደብ ባለበት ሁሉ እንደሚገኝ ይነግራታል። ይህ የኤመርሰን ታላቅ ነፍስ ነው፤ ልዩነቱ ከቦስተን ምሁራን ሳሎን ወጥቶ በስደተኛ ገበሬዎች ሰፈር መነገሩ ነው። በዚህ ዘመን ሦስተኛው ወንበር አልተረሳም ነበር።

ሁለት ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን

ሁለተኛውን ወንበር በደንብ ያስተዋለው የሃርቫርዱ ፈላስፋ ስታንሊ ካቬል ነው። በ1972 ስለ «ዋልደን» አንድ መጽሐፍ ጻፈ። በ1981 ደግሞ ከ1934 እስከ 1949 የተሠሩ ሰባት የሆሊውድ ኮሜዲዎችን ይዞ ቀረበ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ይለያያሉ ወይም ለመለያየት ይቃረባሉ፣ ከዚያም በብዙ ንግግርና ክርክር ተመልሰው ይገናኛሉ። ካቬል በኋላ እንዳብራራው ኤመርሰን የተመኘው ራስን ማነጽ በእነዚህ ጭውውቶች ውስጥ ይገኛል። ሰው የተሻለ ማንነቱን የሚያገኘው የሚሞግተው ወዳጅ ሲኖረው ነው። ከካቬል ተማሪዎች አንዱ ቴሬንስ ማሊክ ነበር። እርሱም በ1998 በሠራው «ቀጭኑ ቀይ መስመር» የተሰኘ የጦርነት ፊልም ውስጥ፣ ምናልባት የሰው ልጅ ሁሉ አንዲት ታላቅ ነፍስ ይጋራ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ከአንድ ወታደር አንደበት እንደገና አሰምቶናል።

ከሁሉም ይበልጥ በግልጽ «ዋልደን»ን ያነሳው ግን የ1955ቱ «ሰማይ የሚፈቅደው ሁሉ» ነው። አዘጋጁ ከጀርመን የተሰደደው ዳግላስ ሰርክ ነው። በጄን ዋይማን የተተወነችው ኬሪ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ያሳደገች፣ የተከበረች የትንሽ ከተማ እመቤት ናት። ሮክ ሃድሰን የሚተውነውን አትክልተኛ ወደደች። ሰውየው በዕድሜ ያንሳታል፤ በመደብም «አይመጥናትም»። ወደ ጓደኞቹ ቤት ይዟት ሲሄድ ጠረጴዛ ላይ «ዋልደን»ን አግኝታ ገልጣ ታነባለች። የቤቷ እመቤትም አትክልተኛው መጽሐፉን አንብቦት ላያውቅ ይችላል፤ እንዲሁ ይኖረዋል ትላታለች።

ቀጥሎ ይሉኝታ ይመጣል። ሐሜቱ ይነሳል። ልጆቿ «አዋረድሽን» ይሏታል። ኬሪም ለልጆቿ ስትል ሰውየውን ትተዋለች። ገና ሲደርስ ልጆቿ ስጦታ ያመጡላታል፤ ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት አዲስ ቴሌቪዥን። ከእንግዲህ ብቸኝነት የለም፣ ሕይወት ራሷ ቤትሽ መጣች ማለታቸው ነው። ሴትዮዋ ባልተከፈተው መስተዋት ውስጥ የምታየው የገዛ ፊቷን ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ሲኒማ ቤቶች በቴሌቪዥን ምክንያት ተመልካች እያጡ ስለነበር ሰርክ ተቀናቃኙን መውጋቱ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ትዕይንቱ ከዚያ የላቀ ነው። ልጆቿ ወንበሩን ወስደው ሣጥን ተኩላት።

ከዋሻው የተነበበው ግማሽ

የቶሮን ስም ለአዲሱ ትውልድ ከሁሉ በላይ ያስተዋወቀው በ1989 የወጣው «የሞቱ ገጣሚያን ማኅበር» ነው። ፒተር ዌር አዘጋጀው፤ ቶም ሹልማን በድርሰቱ ኦስካር ተሸለመበት። ዘመኑ 1959፣ ቦታው ቬርሞንት የሚገኝ ጥብቅ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሮቢን ዊልያምስ የተወነው የሥነ ጽሑፍ መምህር ጆን ኪቲንግ ተማሪዎቹ በገዛ ዓይናቸው እንዲያዩና በገዛ ድምፃቸው እንዲናገሩ ያበረታታቸዋል። ልጆቹም ሌሊት ሌሊት ከአንድ ዋሻ እየተሰበሰቡ ግጥም ያነባሉ። የስብሰባቸው መክፈቻ ቶሮ ወደ ጫካ የገባበትን ምክንያት የገለጸበት ዝነኛ አንቀጽ ነው።

አንቀጹን ከመጽሐፉ ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ነገር ያገኛል። ፊልሙ የወሰደው ሕይወትን እስከ መቅኒዋ የመምጠጥን ምኞት ነው። ቶሮ ግን እዚያው ላይ ሌላም ነገር አለው። የሕይወትን መሠረታዊ ነገሮች ፊት ለፊት ገጥሞ ከእነርሱ መማርን ይሻል። ሕይወት ከንቱና ወራዳ ሆና ብትገኝም ያንን ውርደቷን በሙሉ አይቶ ለዓለም ሊናገር፣ ከፍ ያለች ከሆነችም በኑሮ አረጋግጦ ሊመሰክር ተዘጋጅቷል። ማለትም ቶሮ የሚናገረው እንደ ተመራማሪ ነው። ጫካው ፈተና ነው፤ ውጤቱ አስቀድሞ አይታወቅም። በፊልሙ ዋሻ ውስጥ የቀረው ግን ነዲዱ ብቻ ነው።

ውጤቱም እዚያው ፊልሙ ውስጥ ይታያል። ኒል ተዋናይ መሆን ይፈልጋል፤ አባቱ ሐኪም ካልሆንክ ይለዋል። ልጁ መድረክ ላይ ደምቆ በታየበት ሌሊት አባቱ ወደ ወታደራዊ ትምህርት ቤት እንደሚያዛውረው ይነግረዋል። ኒልም በአባቱ ሽጉጥ ራሱን ያጠፋል። ጥፋቱ ሁሉ በመምህሩ ይላከካል። ብዙዎች ከፊልሙ የሚያስታውሱት ልጆቹ ከዴስካቸው ላይ ቆመው መምህራቸውን የተሰናበቱበትን መጨረሻ ነው። በመሐል ግን መምህሩ አንዱን ደፋር ተማሪ ጠርቶ፣ ድፍረት የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ ብሎ የገሠጸው ቦታ አለ። ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ኒል የጎደለው ድፍረት አልነበረም። አባቱን ፊት ለፊት የሚያናግርለት አንድ ሰው ነበር የጎደለው።

አንድ ወንበር ብቻ

ክሪስቶፈር ማካንድለስ የልቦለድ ሰው አይደለም። በ1990 ከኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ ያጠራቀመውን 24,000 ዶላር ያህል ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠ፤ ለቤተሰቡ ሳይናገር ጠፋ። በኤፕሪል 1992 አላስካ ምድረ በዳ ገባ። በተጣለ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ከመቶ ቀናት በላይ ኖሮ፣ በረሃብ ተጎድቶ ሞተ። አስከሬኑ የተገኘው በሴፕቴምበር ነው። አብረውት ከተገኙት መጻሕፍት አንዱ «ዋልደን» ነበር። ጆን ክራካወር በ1996 ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣው፤ ሾን ፔን ደግሞ በ2007 «ወደ ዱር» ብሎ ፊልም ሠራበት።

ፔን ልጁን አላዋረደውም፤ ፍጹምም አላደረገውም። በየመንገዱ የሚያገኙት ሰዎች ሁሉ ወንበር ይስቡለታል፤ የስንዴ ገበሬው፣ በመኪና የሚዞሩት ባልና ሚስት፣ እንደ ልጄ ልውሰድህ ያሉት ብቸኛ ሽማግሌ። እርሱ ግን ከሁሉም ተነስቶ ይሄዳል። በመጨረሻ፣ ሊሞት ሲቃረብ፣ በሚያነበው መጽሐፍ ጠርዝ ላይ ደስታ እውነተኛ የሚሆነው ከሌላ ሰው ጋር ሲካፈሉት ነው የሚል ማስታወሻ ጻፈ። እኛ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንላለን። ልጁ ይህን ያወቀው ለማንም ሊነግር በማይችልበት ሰዓት ነው።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ የሆነው ደግሞ ያሳዝናል። አውቶቡሱ መሳለሚያ ሆነ። ከዓለም ዙሪያ ወጣቶች ወደዚያ ይጎርፉ ጀመር። በ2010 እና በ2019 ሁለት ሴቶች በመንገዱ ላይ ያለውን የቴክላኒካ ወንዝ ሲሻገሩ ሰጥመው ሞቱ። በጁን 2020 የአላስካ ባለሥልጣኖች አውቶቡሱን በሄሊኮፕተር አንጠልጥለው ከጫካው አወጡት። ቶሮ ከጎጆው ወጥቶ እራት ወደሚያገኝበት ቤት የሚሄድበት መንገድ ነበረው። በፊልም ጎጆዎች ዙሪያ ግን ያ መንገድ አይታይም።

ልብሱን ማን ያጥብ ነበር?

ከዚህ ቀጥሎ የሴቶቹ ጥያቄ ይመጣል። የኮንኮርዱ ፈላስፋ ብሮንሰን አልኮት በጁን 1843 ከጓደኞቹ ጋር ፍጹም ኑሮ የሚኖርበት የእርሻ ማኅበር አቋቋመ። ሥጋ አይበላም፤ ከብት አይጠመድም፤ ጥጥ የባሪያ ጉልበት ውጤት ነውና አይለበስም። በጃንዋሪ 1844 ማኅበሩ ፈረሰ። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረችው ልጁ ሉዊዛ ሜይ አልኮት በ1873 በጻፈችው ቀልደኛ ትረካ እንደምትለው፣ ገብሱ ታጭዶ ዝናብ ሲመጣ ወንዶቹ በታላቋ ነፍስ ጥሪ ወደየአቅጣጫው ሄደው ነበር። እህሉን ያስገቡት እናትና ልጆች ናቸው። በኋላም ቤቱን በብዕሯ ያስተዳደረችው ይህችው ሉዊዛ ናት።

«ትንንሽ ሴቶች» የተሰኘው ልቦለዷ ብዙ ጊዜ ፊልም ሆኗል። በጊሊያን አርምስትሮንግ በ1994 በተዘጋጀው ውስጥ፣ ዊኖና ራይደር የምትተውናት ጆ ለጀርመናዊው ፕሮፌሰር ስለ ወላጆቿ ፍልስፍና ስሙን ጠርታ ትነግረዋለች። የሚያስቸግራት ነገርም እንዳለ አልደበቀችም፤ ሁልጊዜ ራስን ፍጹም ማድረግ መጠየቁ ጉድለቷን ለምታውቅ ልጅ ሸክም ነው። በታሪኩ አባትየው አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ጦር ሜዳ ነው። ፍልስፍናው የሚኖረው ቁርሷን ለተራበ ጎረቤት በምታካፍለው እናት እጅ ነው። በ2019 ግሬታ ገርዊግ ስትሠራው ደግሞ ጆን ስለ ደራሲነት መብቷ ከአሳታሚ ጋር ስትከራከር አሳየችን። በራስ መተማመን ገንዘብም እንደሚፈልግ ነው ነገሩ።

በዚያው ዓመት የጀመረውና እስከ 2021 የዘለቀው «ዲኪንሰን» የተሰኘ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ከሁሉም የባሰ ደፋር ነው። ገጣሚዋ ኤሚሊ ዲኪንሰን የምትወደውን ዛፍ ከባቡር ሐዲድ ለማዳን እንዲረዳት ብላ ቶሮን ልታይ ትሄዳለች። ጉዞው የደራሲዎቹ ፈጠራ ነው። ያገኘችው ታላቅ ሰው ልብሱን እናቱ የምታጥብለት፣ ስለ ራሱ ብቻ የሚያወራ ቅምጥል ነው። ኮሜዲያኑ ጆን ሙላኒ ተጫውቶታል፤ ያስቃልም።

ቀልዱ ግን ግማሽ እውነት ነው። ለቶሮ የማይገባው ግማሽ አለው፤ ለእናቱና ለእህቶቹ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ያንስባቸዋል። እነዚህ ሴቶች ልብስ አጣቢዎች ብቻ አልነበሩም። በ1837 በኮንኮርድ የተቋቋመው የሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር አባላት ነበሩ። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች በቤታቸው ያልፉ ነበር።

ያልታየው ትዕይንት

በጁላይ 1846 ቶሮ ወደ ከተማ ሲገባ ተያዘ። ለዓመታት የነፍስ ወከፍ ግብር አልከፈለም ነበር፤ ባርነትን ለሚደግፍና ሜክሲኮን ለሚወጋ መንግሥት አልከፍልም ባይ ነው። አንድ ሌሊት ታሰረ። ሰው ከፍሎለት በማግሥቱ ወጣ። ስለዚህ ጉዳይ በ1849 ያሳተመውን ጽሑፍ ጋንዲ ደቡብ አፍሪካ ትግሉን ከጀመረ በኋላ አንብቦ ድጋፍ አገኘበት፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተማሪነቱ ዘመን አንብቦ ተመሰጠበት።

ከእስሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ኦገስት 1 ቀን 1846፣ የኮንኮርድ ሴቶች ማኅበር በእንግሊዝ የካሪቢያን ግዛቶች ባሮች ነፃ የወጡበትን መታሰቢያ በዋልደን አከበረ። የተሰበሰቡት በዚያችው ጎጆ ደጃፍ ነው። ኤመርሰን ተናገረ። ከባርነት ያመለጠው ሉዊስ ሄይደንም ተናገረ። ከላይ ካየናቸው ሥራዎች አንዱም ይህን ቀን አላሳየም። የምናውቃት ጎጆ ዝም ያለች ናት፤ ዛፍ፣ ጭጋግ፣ አንድ ወጣት፣ አንድ መጽሐፍ።

ምክንያቱ ይገባል። ብቸኛ ሰው በጫካ ውስጥ ለካሜራ የተመቸ ሥዕል ነው። ግብር አልከፍልም ማለት ግን ክርክር ይጠይቃል፤ ስብሰባ ደግሞ ብዙ ሰውና ብዙ ንግግር አለበት። በ1970፣ በቬትናም ጦርነት ዘመን፣ የእስሩን ሌሊት ቴአትር አድርገው የጻፉት ጄሮም ሎውረንስና ሮበርት ሊ የንግግሩን ኃይል ተረድተውታል። በ1982ቱ «ጋንዲ» እና በ2014ቱ «ሰልማ» ውስጥም ሕዝብ ተሰልፎ ለማይገባ ሕግ አልገዛም ሲል እናያለን። ብዙ ተመልካች እነዚህን የዋልደን ዘመዶች አድርጎ አያያቸውም፤ ዱር ገብቶ የጠፋውን ወጣት ግን ወዲያው ያያል።

ስለዚህ ወጣቱ ከነዚህ ፊልሞች አንዱን አይቶ ልቡ ቢነሳሳ መልካም ነው። ይሉኝታን ማሸነፍ ቀላል ነገር አይደለም። ኤመርሰንም ቶሮም ከዚህ ይጀምራሉ። ሆኖም ቶሮ ጎጆውን ሲሠራ ሦስት ወንበር አስገብቷል፤ በሁለተኛው ዓመት በጋ ሦስቱም አልበቁትም፤ እንግዶቹ ደጅ ነበር የቆሙት።